ያልተመለሰው ሻሽ

ለታላቅ እህቴ ለዑምኩልሱም ዘይኑልአቢዲን፣ ካለሽበት ጅዳ ይድረስሽ፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እታለሜ፣ እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ? ወገብሽስ? በረኪና የላጠው እጅሽ ዳነልሽ ወይስ አሁንም ማታ ማታ ቫዝሊን ቀብተሽ በጨርቅ ትጠቀልይዋለሽ? እንቅልፍ ይበቃሻል? ጁሙዓ ጁሙዓ ትወጫለሽ? የማዳምሽ ምላስስ ትንሽ ቀዘቀዘ ወይስ እንደ ድሮው ነው? በስልክ ስንጠይቅሽ «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» ብለሽ ትዘጊዋለሽ። ወረቀት ላይ ግን ሰው እንዲህ በቀላሉ አያመልጥምና አንድ በአንድ መልሺልኝ።

እኛ በአላህ ፈቃድ አፊያ ነን። አባባን ሳሉ ለቆታል፣ ሱብሒን መስጊድ ነው የሚሰግደው። የእናታችን ጉልበት ዳገት ሲሆን ያስቸግራታል እንጂ ሜዳ ላይ ማንም አይቀድማትም። ታናሻችን ሉብና ረዝማ ካንቺ ቀሚሶች አንዱ ብቻ ነው የሚሆናት፤ እሱንም የኔ ነው እያለች ነው። ሐይቁ በዚህ ክረምት ሞልቶ እነ መቅዲ ዓሣ የሚጠብሱበት ድረስ መጥቶ ነበር። ያቺ አጥር የማይገታት ፍየል ሁለት ወልዳለች፣ ግልገሎቹም እንደ እናታቸው ሌቦች ናቸው።

ይህን ደብዳቤ የምታመጣልሽ የጎረቤታችን ልጅ ሀውራ ናት፤ እዚያው ጅዳ ሥራ አግኝታለች። በስልክ ልነግርሽ ፈልጌ ነበር፤ ኔትወርኩ ግን ልክ ዋናው ቦታ ላይ ሲደርስ ይቆረጣል። ይህ ነገር ደግሞ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቆረጥ ነው መሰማት ያለበት። ወሬው የሳሊሕ ነው። ስሙን ስታዪ ወረቀቱን እንዳትቀጅው፤ መጨረሻው ይጣፍጣል።

ያደረገሽን አንቺ ታውቂዋለሽ። እኔ የምደግመው አንድም ነገር እንዳልረሳሁ እንድታውቂ ነው። ሽማግሌ ልኮ፣ ፋቲሓ ተቀርቶ፣ እናቱ ያንን ዳሩ ቢጫ የሆነ አረንጓዴ ሻሽ በገዛ እጇ ራስሽ ላይ ካሰረችልሽ በኋላ፣ ለዳሱ እንጨት እየተቆረጠ ሳለ፣ በአጎቱ አፍ «ትቼዋለሁ» ብሎ ላከ። ምክንያት እንኳ አልሰጠንም። ምክንያቱን የደሴውን ነጋዴ ልጅ ሲያገባ አየነው። አንቺ ጅዳ የሄድሽው ወርቅ አምሮሽ አልነበረም፤ ከደጅ ስትወጪ የሚከተልሽን ዓይን መሸከም ቢያቅትሽ ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ የተወጋ ወንድምማ ጭራሽ አይረሳም።

እንግዲህ ይህ ሰው ዘንድሮ ፊልም ሠራልሽ። ከአማቱ ገንዘብ፣ ከዘመድ ካሜራ፣ ከሐይቃችን ደግሞ ውኃውን ወስዶ። ርዕሱን እዚህ አልጽፈውም፣ እጄ አይታዘዝልኝም። ታሪኩ እንዲህ ነው፤ አንዲት የሐይቅ ልጅ ለአንድ ምስኪን ጎረምሳ ትታጫለች፣ ከዚያ የዓረብ አገር ወርቅ ያምራትና እሱን ጥላው ትሄዳለች፣ እሱም ሐይቁ ዳር ተቀምጦ ያለቅሳል። ምስኪኑን ጎረምሳ የሚጫወተው ማን ይመስልሻል? ራሱ ነው። ፂሙን አሳጥሮ፣ ዓይኑን ቀይ አስመስሎ።

መጀመሪያ ደሴ ታየ፣ ቀጥሎ እዚህ ኑርዬ ቪዲዮ ቤት መጣ። ነገሩን የሚያውቁት ታዘቡት። የማያውቁት ግን፣ በተለይ ከወዲያ ማዶ የሚመጡት ገበያተኞች፣ እናታችንን እያዩ መንሾካሾክ ጀመሩ። አንዷ ጭራሽ ፊቷ ቆማ «ልጅሽ ያንን የመሰለ ልጅ ጥላ ሄደች አሉ፣ እንዲያው ምን ነክቷት ነው?» አለቻት። እናታችን በዚያው ገበያ መውጣት ተወች። ጨውና በርበሬ ሉብና ነበረች የምትገዛው፤ እሷም አንዳንድ ቀን ዓይኗ አብጦ ትመለስ ነበር። ይህን በስልክ ያልነገርንሽ አንቺ እዚያ ሆነሽ ምን ታደርጊ ብለን ነው።

እኔ የሱቅ ታፔላና የባጃጅ ጀርባ እየሣልኩ እንደምኖር ታውቂያለሽ። ባለፈው ዓመት ግን ደሴ ለሚታተም «መጋረጃ» ለሚባል የፊልም መጽሔት ሽፋን መሣል ጀምሬአለሁ። አዘጋጇ ምስክር ትባላለች፣ የተማረች፣ ነገር የማታበዛ ሴት ናት። የኛን ቤት ጉዳይ አታውቅም። አንድ ቀን ደወለችና የሚቀጥለው እትም ሽፋን የሳሊሕ ፊልም ነው፣ ትሠራዋለህ ወይ አለችኝ። ወላሂ እሠራዋለሁ አልኳት፣ ደስ እያለኝ።

የመጀመሪያውን ንድፍ ብታዪው ትስቂ ነበር። ሳሊሕን ጅብ አደረግሁት። አካሉ ሰው፣ መንጋጋው ጅብ፣ በአንድ እጁ መሐረብ ይዞ እንባውን ሲጠርግ፣ በሌላው የነጋዴውን ልጅ ቦርሳ ሲበረብር። ጥርሶቹን አንድ በአንድ ስሞላ እንደዚያ የተደሰትኩበት ሥራ ትዝ አይለኝም። አባባ ከኋላዬ ቆሞ አየውና «ልጄ፣ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት አይሆንም» ብሎኝ ወጣ። እኔም የምጸልየው ሳይሆን የምሥለው ነው ብዬ በልቤ መለስኩለት።

ነገር ግን ምስክር አንድ ደንብ አላት። ፊልሙን የሚወዱ ሰዎች ዘንድ ሄደህ፣ ምን እንዳዩ ጠይቀህ፣ ንድፍህን አሳይተህ ካልመጣህ ሽፋን አትቀበልም። ድሮ አንድ ሠዓሊ ለአንድ ፊልም ሽፋን ሽጉጥ ሥሎላት መጽሔቱን ታቅፋ ቀርታለች። ሰዉ በዚያ ፊልም ውስጥ የወደደው ሽጉጡን ሳይሆን ልጇን በር ላይ የምትጠብቀውን እናት ነበር። ሠዓሊ ፊልሙን አንዴ አይቶ ይሮጣል፣ ወዳጁ ግን ደጋግሞ አይቶ በልቡ ያድርበታል ትላለች። ለኔ የቢሮ ሰው ቅብጠት ይመስለኝ ነበር። ንድፌን ጠቅልዬ ኑርዬ ቪዲዮ ቤት የሄድኩት ደንቡን ለማድረስ ያህል ነው።

ቪዲዮ ቤቱን ታስታውሽዋለሽ፣ መናኸሪያው ጀርባ ያለው ነው። ዋና ደንበኞቹ አሁንም እነዚያው ናቸው። ራሱ ኑርዬ አለ፣ ፊልም እያሳየ ያረጀ። ባጃጅ ነጂው አብተው አለ፤ በልጅነቱ እስጢፋኖስ ገዳም ዳዊት ሲማር ቆይቶ ጠፍቶ የወጣው፣ አሁን ደግሞ ተዋናይ ሲሳሳት እንደ መሪጌታው የሚቆጣው። መቅዲም አለች፣ ዓሣዋን ሸጣ ሳትጨርስ መጥታ ፊት ወንበር ላይ የምትቀመጠው።

ጅቤን ዘረጋሁላቸው። ይስቃሉ ብዬ ጠበቅሁ። መጀመሪያ የተናገረችው መቅዲ ናት። «አቦ፣ ይሄ ፊልሙ አይደለም፣ ይሄ ያንተ ሆድ ነው» አለችኝ። አብተው ደግሞ እንዲህ አድርገህ ብታወጣው ሰው የሚስቀው በሱ ሳይሆን ባንተ ነው፣ ነገ ደግሞ «የጣለችኝ ልጅ ወንድም አበደብኝ» ይልና ሁለተኛ ፊልም ይሠራበታል አለ። ኑርዬ ጥርሶቹን አድንቆ ሽጉጥ ቢጨመርበት ጥሩ ነው አለ፤ እሱ ሽጉጥ ያልተጨመረበት ነገር ደስ ብሎት አያውቅም። ወረቀቱን ጠቅልዬ ልወጣ ተነሥቼ ነበር፤ ግን ምስክር ምን አሉ ብላ መጠየቋ አይቀርም። እንደቆምኩ፣ በኩርፊያ፣ ዓይናችሁን ስትጨፍኑ ከፊልሙ የቱ ይታያችኋል አልኳቸው።

እታለሜ፣ የሳሊሕ ለቅሶ ነው የሚሉ መስሎኝ ነበር። ማንም አላነሣውም። አብተው ስጠይቀው «የእሱን እንባ አላመንኩትም፣ እያለቀሰ ካሜራው የት እንዳለ ይፈልጋል» አለኝ። ሦስቱም ያዩት ሌላ ነው፤ ልጅቷ ሚኒባስ ልትሳፈር በመንገዱ ዳር ስትሄድ፣ ከኋላዋ፣ ሻሿ በነፋስ ሲነሣ። ኑርዬ ይህንን ሲሰማ ሳሊሕ ራሱ እዚሁ ቤት ተቀምጦ እንደፎከረ አስታወሰ፤ «ተዋናይቷ ሻሹን ልታወልቅ ስትል አይሆንም ያልኳት እኔ ነኝ፣ አረንጓዴው ከአቧራው ጋር ሲታይ ስለሚያምር ነው» ብሎ ነበር አለ።

መቅዲ «ቆይ እስቲ፣ የማን ሻሽ ነው?» አለች። ኑርዬ ፊልሙን ከፍቶ ወደ ኋላ መለሰው። መጀመሪያ ላይ፣ ሽማግሌዎቹ መርቀው ሲነሡ፣ የጎረምሳው እናት የምታስርላት ያው አረንጓዴ ሻሽ ነው። ወደ ፊት ወሰደው። ልጅቷ ሚኒባስ ስትሳፈር ራሷ ላይ ያለው እሱው ነው።

ለአንቺ ማስረዳት የለብኝም። የወሎ እናት ሁሉ ታውቀዋለች። ቃሉን ያፈረሰችው ልጅቷ ከሆነች ሻሹ በሽማግሌ እጅ፣ ታጥቦና ታጥፎ፣ ሳይውል ሳያድር ለአማቲቱ ይመለሳል። ወንዱ ካፈረሰ ግን ሻሹ እሷው ዘንድ ይቀራል፣ ማንም አይጠይቃትም። አብተውም በእኛም ቤት ወጉ ይኸው ነው አለ። ሳሊሕ የሐይቅ ልጅ ነው፣ ወጉን አያጣውም። ካሜራ ሲይዝ ግን ዓይኑ ብቻ ቀረ። በሬ ሆይ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ። አንቺን ሊያሰድብ በሠራው ፊልም ውስጥ ቃሉን ያፈረሰው እሱ መሆኑን በገዛ እጁ ቀርጾ አሳየልን። አብተው ዓይኑን እስኪጠርግ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ከፊልሙ በፊት ያልነበረ ዓይነት ደስታ ግን ሆዴ ውስጥ ቁጭ አለ።

ጅቡን እዚያው ቀደድኩት። ቤት ገብቼ የእናታችንን ሣጥን ከፍቼ ያንቺን ሻሽ አወጣሁት። እናታችን በሩ ላይ ቆማ አየችኝ፤ ብርሃን እንዲገባልኝ መጋረጃውን ወደ ጎን ሰበሰበችው። ሻሹን ወንበር ላይ ሰቅዬ ከሱ ሣልኩ። በየቀኑ ማለዳ ደግሞ ንድፉን ይዤ ወደነዚያ ሦስቱ እመለስ ነበር። አብተው ፊቷን አታሳይ፣ ፊት ካየ ሰው ቆንጆ ናት አይደለችም ይላል፣ ጀርባዋን ካየ ግን የራሱን ልጅ ያያል አለ። መቅዲ እጇን ባዶ አድርገው፣ ወርቅ አምሯት የምትሄድ ሴት ቢያንስ ጓዟን ታሳምራለች፣ ይቺ ግን ተባርራ ነው የምትሄደው አለች። ኑርዬም ሽጉጡን እርግፍ አድርጎ ትቶ አንድ ፍሬ ነገር ተናገረ፤ ሻሹ ትልቅ ይሁን፣ መጽሔቱ መናኸሪያው በር ላይ ገመድ ላይ ሲሰቀል ከመኪና ውስጥ ይታይ።

እኔ ግን ሳሊሕን አንድ ጥግ ላይ ሳልከተው መተኛት አልቻልኩም። ትንሽ ብቻ፣ ዛፍ ሥር ተደብቆ ብዬ ለመንኳቸው። መቅዲ ናት የከለከለችኝ። «ልጄ፣ ይሄ ሰው ፊልም የሠራው ፊቱን ለማሳየት ነው፣ ፊቱን ንፈገው» አለችኝ። እዚህ ላይ ተሸነፍኩ። እንደሷ ያለ በቀለኛ አገር ውስጥ መኖሩን ሳላውቅ ነው ለካ እኔ በጅብ ጥርስ የተመጻደቅሁት።

ሽፋኑ ወጣ። አቧራማ መንገድ፣ ጀርባዋን የሰጠች ልጅ፣ ባዶ እጅ፣ አረንጓዴ ሻሽ። ለምስክር ሦስቱ ያሉትን ሁሉ ነግሬአት ስለነበር ከሥሩ አንድ ጥያቄ ብቻ አጻፈችበት፤ «ሻሹ ለምን አልተመለሰም?» የሳሊሕ ስም ሽፋኑ ላይ የለም፣ መልኩም የለም። መናኸሪያው በር ላይ ሲሰቀል ሴቶች ዘንቢላቸውን አስቀምጠው ቆመው ያዩት ጀመር። ማንበብ የማትችለዋም ሻሹን ታነብባለች። በሚቀጥለው ጊዜ ፊልሙ ሲታይ ሚኒባሱ ጋ ሲደርስ ቤቱ ሁሉ ከንፈሩን መጠጠ፣ ከኋላ አንዲት ሴት «ሻሹን ይመልስላት እንጂ ምን ያለቅሳል፣ አጥፊው እሱ!» አለች፤ ነገሩን አደበላልቃዋለች፣ ግን ልቧ ልክ ነው። ኑርዬ እንደነገረኝ ሳሊሕ በዚያን ቀን ከኋላ ተቀምጦ ነበር። የራሱ ለቅሶ ሳይደርስ ወጥቶ ሄደ።

እናታችን በበነጋው ገበያ ወጣች። ያቺን «ምን ነክቷት ነው» ያለቻትን ሴት ቲማቲም እየመረጠች አገኘቻት። ሴትዮዋ ሳትጠየቅ ከራሷ ቲማቲም እፍኝ አንሥታ ዘንቢሏ ውስጥ ጨመረችላት። እናታችን ቤት ስትገባ ቲማቲሙን ለሉብና ሰጥታ፣ እጅሽን ታጥበሽ ክተፊው፣ ዛሬ ይጣፍጣል አለቻት።

አሁን ወደ መጨረሻው ደረስኩልሽ። ባለፈው ሳምንት ሼህ ኡበይድ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር እርጥብ ሣር ይዘው ደጃችን መጡ። የላካቸው ሳሊሕ ነው። እርጥብ ሣር ይዞ የመጣን ሽማግሌ መመለስ በእኛ ዘንድ ነውር መሆኑን አስቦ ነው የላካቸው። ሁለት ነገር ለመነ። አንደኛ፣ እኔ ለመጽሔቱ ሻሹ የቀረጻ ስሕተት ነው ብዬ እንድጽፍ። ሁለተኛ፣ ነገሩ እንዲበርድ ያንን የቆየ ሻሽ በእነሱ እጅ እንድንመልስለት። ታየሽ ተንኮሉ? ዛሬ ከመለስነው ነገ እናቱ ገበያ ይዛው ትወጣና፣ ይኸው መለሱት፣ ያፈረሰችው እሷ ናት ትላለች።

አባባ ሽማግሌ ስለሚያከብር ሣሩን ያያል። እኔ ልናገር ስል እናታችን ከጓዳ ወጣች። በሽማግሌ ፊት ድምጿን ሰምቼ አላውቅም። «ሻሹ የኔ አይደለም፣ የልጄ ነው። ልጄ ደግሞ ያለችው ጅዳ ነው። የፈለገ ሰው ባሕር ይሻገር» ብላ ተመለሰች። ሼህ ኡበይድ ጢማቸውን እየዳሰሱ ሐቅ ተናገረች አሉ። መርቀውን፣ ሣሩን ደጅ ላይ ጥለውት ሄዱ። ፍየሏ ከነልጆቿ በላችው።

አባባ አሁንም ይበቃል ይለኛል። በቀልን ለአላህ ተው ይላል። ልሸነግልሽ አልፈልግም እታለሜ፣ እኔ ገና አልተውኩም። ገመዱ ላይ የተሰቀለው ሽፋን ፀሐይ አንጥቶት ሲወርድ ኑርዬ ሌላ እንዲሰቅል ነግሬዋለሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እኔ ግን ትንሽ ስለገፋሁት ቶሎ ጠራ፣ ደስም ብሎኛል። ከተናደድሽብኝ ንገሪኝ፣ ስድብሽንም ናፍቄአለሁ።

አባባ ዱዓውን አብዝቶ ይልክልሻል፣ ለወገብሽ ጥቁር አዝሙድ ልኮልሻል። እናታችን ራስሽን አታድክሚ፣ እህል አትዝለይ ብላለች። ሉብና ቀሚሱን ወስጃለሁና አትቀየሚኝ ትላለች። መቅዲ፣ ኑርዬና አብተው እያንዳንዳቸው በየስማቸው ሰላም በልልን ብለዋል፤ አብተው የገዳሙን ጠበል ሊልክልሽ ብሎ ሀውራ ሻንጣዬ ይርሳል ብላ እምቢ አለችው። አብረውሽ ላሉት የአገር ልጆችም አንድ ሳታስቀሪ ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

መጽሔቱ ሀውራ ሻንጣ ውስጥ አለ። ከሥሩ ሻሹን ታገኚዋለሽ፤ እናታችን በእጇ አጥባ አጥፋዋለች። ካማረሽ ራስሽ ላይ እሠሪው። ካስጠላሽ የማዳምሽን መስኮት ወልውይበት። ወደ ሐይቅ ብቻ እንዳትመልሺው።

ወንድምሽ ሀምዳን ዘይኑልአቢዲን
ሐይቅ፣ ደቡብ ወሎ
ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.